የመንጋጋ እብጠት፣ አሮጌ መኪና እና የቦርድ ማጥፊያ

በዚህ እትም የታሪክ ገጻችን ላይ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት አናወራም። የአንድ በሽታ ታሪክ ነው ይዘን የመጣነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሶሎሎ ላይ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ሴል እያስተማርን ሳለ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ካንሰር እኮ የሽማግሌና የሀብታም አገር በሽታ ነው፤ እኛን ምን አገባን? ይልቅ ስለ ወባ አስተምሩን» አለችን። እኛም ሰዓቱ ስላለቀብን ይሁን ወይም በልባችን እንደሷው ስለምናስብ «አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው» ብለን አለፍን።

መልሳችን ስህተት ነበር። ስህተት መሆኑን ያወቅነው በኋላ መጻሕፍት ማገላበጥ ስንጀምር ነው። ይባስ ብሎ ልጅቷ የለያየቻቸው ሁለቱ በሽታዎች፣ ካንሰርና ወባ፣ በአንድ ታሪክ ውስጥ እጅና ጓንት ሆነው አገኘናቸው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእሷና ለክፍል ጓደኞቿ የምንከፍለው ዕዳ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።

ነገሩ የሚጀምረው በጎረቤት አገር በኡጋንዳ ነው። ዴኒስ በርኪት የሚባል፣ በ1911 አየርላንድ ውስጥ የተወለደ ቀዶ ሐኪም በ1946 ወደ ኡጋንዳ መጥቶ፣ ኋላም ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ሰውዬው በልጅነቱ በደረሰበት አደጋ አንድ ዓይኑን ያጣ ነው። ታዲያ ሁለት ዓይን ያላቸው ብዙ ሐኪሞች እያዩ ያለፉትን ነገር ባንድ ዓይኑ ያስተዋለው እሱ ሆነ። በ1957 ሂዩ ትራውል የተባለ የሥራ ባልደረባው አንድ የአምስት ዓመት ልጅ እንዲያይለት ጠራው። የልጁ መንጋጋ በግራም በቀኝም፣ ከላይም ከታችም አብጧል፤ ጥርሶቹም ተነቃንቀዋል። ኢንፌክሽን ነው እንዳይባል፣ በአራቱም ማዕዘን አንዴ የሚነሳ ኢንፌክሽን ታይቶ አያውቅም። ካንሰር ነው እንዳይባል ደግሞ፣ ካንሰር ከአንድ ቦታ ተነስቶ ነው እንጂ እንዲህ በአራት ቦታ እኩል አይበቅልም ተብሎ ይታመን ነበር።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በርኪት በጂንጃ ከተማ ሆስፒታል ሥራ ላይ እንዳለ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። ሣር ላይ ከእናቷ ጋር የተቀመጠች፣ ፊቷ ያበጠ ልጅ አየ። ወጥቶ መረመራት። መንጋጋዋ ልክ እንደዚያኛው ልጅ ነው፤ ሆዷ ውስጥም እብጠት አለ። አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባል ነበር። ሁለት ሲሆን ግን ሰውዬው ዝም ማለት አልቻለም። የሆስፒታሉን መዝገቦች አገላበጠ። አንዱ ሐኪም የመንጋጋ ዕጢ፣ ሌላው የኩላሊት ዕጢ፣ ሌላው የሆድ ዕጢ እያለ የተለያየ ስም የሰጣቸው ልጆች በአንድ በሽታ የተያዙ መሆናቸውን ጠረጠረና በ1958 ጻፈው። ኋላ ላይ በሽታው ቢ ሴል ከሚባለው የነጭ ደም ሴል የሚነሳ ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ። ዛሬ የበርኪት ሊምፎማ ይባላል። የሚይዘውም በተለይ ልጆችን ነው። የክፍላችን መልስ እዚህ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ለአስተማሪም ለተማሪም የሚጠቅም ይመስለናል። በርኪት ትልቅ ላቦራቶሪ አልነበረውም። የነበረው ጥያቄ ነው፦ «ይህ በሽታ የት ይገኛል? የትስ አይገኝም?» መጀመሪያ የሕመምተኞቹን ፎቶግራፍ የያዘ መጠይቅ በአፍሪካ ላሉ ሆስፒታሎች በፖስታ ላከ። መልሶቹን በካርታ ላይ በመርፌ ሲሰካ በአህጉሩ ወገብ ላይ ቀበቶ የመሰለ ነገር ወጣ። ቀበቶው የት ጫፍ ላይ እንደሚያልቅ ለማየት ደግሞ በ1961 ጥቅምት ላይ በ250 ፓውንድ በተገዛ አሮጌ ፎርድ መኪና ጉዞ ጀመረ። ቴድ ዊልያምስና ክሊፍ ኔልሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች አብረውት ነበሩ። አሥር ሳምንት ፈጀባቸው፤ 10,000 ማይል ወይም 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ፤ ወደ 60 የሚጠጉ ሆስፒታሎችን ጎበኙ። አስፋልቱ ከመምጣቱ በፊት ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ የሄደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በየሆስፒታሉ ፎቶውን እያሳዩ «እንዲህ ያለ ልጅ አይታችኋል?» ይሉ ነበር። አስተውሉ፣ «አላየንም» የሚለው መልስ «አይተናል» ከሚለው እኩል ይመዘገባል። ካርታው ቅርጽ ያገኘው ባዶ በሆኑት ቦታዎች ነውና። ተማሪዎቻችን በሙከራ ደብተራቸው ላይ ውጤት ያልተገኘበትን ቀን ባዶ ትተው ሲያልፉ ይህን ታሪክ እናስታውሳቸዋለን።

ታዲያ ምን ተገኘ? በምድር ወገብ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ሲል በሽታው ይጠፋል። ወደ ደቡብ በተሄደ ቁጥር የከፍታው ልክ ዝቅ እያለ ይመጣል። በኢንቴቤ የቫይረስ ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ሃዶ ነገሩን ሲያየው «ይህ የከፍታ መስመር አይደለም፣ የሙቀት መስመር ነው» አለ። በብርድ ወቅት እንኳ ሙቀቱ ከ15 ወይም ከ16 ዲግሪ በታች የማይወርድ፣ የዓመት ዝናቡም ከ500 ሚሊ ሜትር የማያንስ አገር ላይ በሽታው አለ። ከዚያ ውጭ ብርቅ ነው። ሙቀትና ዝናብ አንድ ላይ ሲሆኑ ማን እንደሚራባ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ትንኝ ነው፤ ከትንኝም ጋር ወባ።

ይህን ልክ ይዘን የራሳችንን አገር ካርታ ብናይ ደስ የሚል የክፍል ሥራ ይወጣዋል። በኬንያ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻና የሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ በቀበቶው ውስጥ ናቸው፤ የናይሮቢ ዙሪያ ደጋ ግን ውጭ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከመስመሩ እጅግ ከፍ ትላለች። ጋምቤላ ዝቅ ያለ፣ ሙቀትም ዝናብም ያለው ነው። ሶሎሎስ? ከተራራው ሥር የተቀመጠች ቆላ ናት፤ በሙቀት በኩል ፈተናውን ያለ ችግር ታልፋለች፤ የሚያጥራት ዝናብ ነው። ከእኛ ወደ ጫልቢ በረሃ እየተወረደ ሲሄድማ በዝናብ ጭራሽ ይወደቃል። ከሞያሌ ወደ ያቤሎ የወጣን እንደሆነ ደግሞ ዝናቡ ሲሻል ሙቀቱ ይቀንሳል። ግን መስመር ማለት አጥር ማለት አይደለም። ከቀበቶው ውጭም፣ አውሮፓም አሜሪካም ሳይቀር፣ በሽታው በጥቂቱ ይታያል።

እኛን ስደተኞችን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ከሩዋንዳና ከቡሩንዲ ደጋ ተነስተው ለሥራ ወደ ኡጋንዳ ቆላ የወረዱ ብዙ ሰዎች ነበሩ። በትውልድ አገራቸው በሽታው አይታወቅም ማለት ይቻላል። ቆላ ከወረዱ በኋላ ግን ያዛቸው፤ የያዛቸውም ከአገሬው ልጆች ይልቅ ዕድሜያቸው ከፍ ካለ በኋላ ነበር። ስለዚህ ነገሩ በዘር የሚወረስ ሳይሆን ከቦታው የሚገኝ መሆኑን ያሳየው የሰዎቹ መንቀሳቀስ ነው። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ተሰደው እዚሁ ሶሎሎ አጠገብ በዋልዳ ካምፕ የሰፈሩ፣ በኋላም ካምፑ ሲዘጋ ወደ ካኩማ የተወሰዱ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ደገኞች ነበሩ። ወባ ለለመደው ሰውና ላለመደው ሰው አንድ እንዳልሆነ እነሱን ያየ ያውቃል።

ወባ ብቻውን ግን ካንሰር አያመጣም። በመጋቢት 1961፣ ጉዞው ሳይጀመር በፊት፣ በርኪት ለንደን ውስጥ ንግግር ሲያደርግ አንቶኒ ኤፕስታይን የሚባል ተመራማሪ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። «በአየር ጠባይ የሚወሰን ካንሰር ከሆነ ቫይረስ አለበት» ብሎ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ከካምፓላ የዕጢ ናሙና በአውሮፕላን ይላክለት ጀመር። ከሁለት ዓመት በላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢፈልግ ምንም የለም። በታኅሣሥ 1963 አንድ ናሙና የለንደን ጉም አላሳርፍ ብሎት አውሮፕላኑ ወደ ማንቸስተር ዞረ፤ ናሙናው ዘግይቶ ሲደርስ ውኃው ደፍርሶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሽቷል ብሎ ይደፋው ነበር። ኤፕስታይን በማይክሮስኮፕ ቢያየው ያደፈረሰው ባክቴሪያ አይደለም፤ ከዕጢው ተላቀው የሚንሳፈፉ ሕያው የካንሰር ሴሎች ናቸው! ከኢቮን ባር ጋር ሆኖ አራባቸው። በየካቲት 1964 በሴሎቹ ውስጥ አዲስ ቫይረስ ታየ። የሰው ካንሰር ውስጥ የተገኘ የመጀመሪያው ቫይረስ ነው፤ ኤፕስታይን ባር ተባለ። ናሙናው የተወሰደው ከአንዲት ኡጋንዳዊት ሕፃን ነው።

ይህ ቫይረስ በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከመቶው ከ90 በላይ በሚሆኑት ሰውነት ውስጥ አለ፤ በእኛም ውስጥ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርግም፤ ቢ ሴል ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ነገር ግን በቆላ አገር ልጁ በየክረምቱ በወባ ሲመታ ቢ ሴሎቹ ያለ ዕረፍት ይባዛሉ፤ ቫይረሱን የሚጠብቁት ሴሎች ደግሞ ይዳከማሉ። ቶሎ ቶሎ የሚገለብጥ ጸሐፊ ስህተት አያጣውም እንደሚባለው፣ ከብዙ ቢሊዮን ሴሎች በአንዷ ውስጥ ክሮሞሶም 8 እና ክሮሞሶም 14 ይሰበሩና ቁራጮቻቸው ይለዋወጣሉ። በ1982 እንደታወቀው በዚህ ልውውጥ ሚክ የሚባል «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ያለው ጂን ሳይጠፋ በሚበራ ቦታ ላይ ያርፋል። በዚህ ጊዜ ዕጢው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

በዚያው ዘመን ከልጆች የተወሰዱ ሴሎች በብልቃጥ ውስጥ መኖር ቀጠሉ። ራጂ የሚባለው የሴል ዘር በ1963 ኢባዳን፣ ናይጄሪያ፣ ከአንድ የ11 ዓመት ልጅ መንጋጋ የተገኘ ነው። ዳውዲ የሚባለው በ1967 ከአንድ የ16 ዓመት አፍሪካዊ ወጣት ነው። ዳውዲ በስዋሂሊ ዳዊት ማለት ነው፤ ክፍላችን ውስጥ ሁለት ዳውዲ አለ። እነዚህ ሴሎች በየአገሩ ላቦራቶሪ ተበትነዋል። ስለ ሐኪሞቹ የሕይወት ታሪክ ተጽፏል፤ ስለ ልጆቹ የተጻፈው ዕድሜና ዕጢው የነበረበት ቦታ ነው። በእኛ አስተያየት የታሪክ ገጽ ላይ መጀመሪያ ሊጠሩ የሚገባቸው እነሱ ነበሩ።

አሁን ጽሑፋችን ለጊዜው ከአፍሪካ ይወጣል፤ ምክንያቱም በእነዚህ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ የቆየውን ነገር ለማንበብ ያስቻለው እውቀት ከሌላ ቦታ፣ ያውም ከአንዲት ትል ነው የመጣው። ትሏ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ናት። በአሜሪካ ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ትሏ ዕድገቷን ለምን በጊዜው እንደማትጨርስ ሲያጠኑ፣ በ1993 ፕሮቲን የማይሠራ፣ 22 ፊደል ብቻ ያለው የአር.ኤን.ኤ. ቁራጭ አገኙ። ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. የሚባለው ይህ ነው።

ሥራውን በራሳችን ትምህርት ቤት ምሳሌ እናስረዳ። ለአንድ ክፍል አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው ያለን እንበል። መጽሐፉ ከቢሮ አይወጣም፤ ዲ.ኤን.ኤ. ማለት እሱ ነው። መምህሩ የዕለቱን ገጽ ቦርድ ላይ ይገለብጣል፤ ይህ መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ነው። ተማሪው ከቦርዱ እያየ ይሠራል፤ የሚሠራው ነገር ፕሮቲን ነው። ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. የቦርድ ማጥፊያው ነው። መጽሐፉን አይነካም። ከራሱ ፊደል ጋር የሚገጥም ቃል ያለበትን መስመር ቦርዱ ላይ ሲያገኝ ይሸፍነዋል ወይም ያጠፋዋል። አንድ ማጥፊያ ብዙ መስመሮችን ሊያጠፋ ይችላል፤ አንድ መስመርም በብዙ ማጥፊያ ይጠፋል።

ለሰባት ዓመት ያህል ነገሩ የትል ጉዳይ ተብሎ ተትቶ ነበር። በ2000 የረቭከን ቡድን ያገኘው ሁለተኛው ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. በሰውም ውስጥ መኖሩ ሲታወቅ ግን ሁሉም ዞር ብሎ አየ። በ2002 የካርሎ ክሮቼ ቡድን በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ሕመምተኞች ላይ ከክሮሞሶም 13 የሚጎድለው ቁራጭ ሁለት ማጥፊያዎችን የያዘ መሆኑን አሳየ። ማጥፊያው ሲጠፋ «አትሙት፣ ኑር» የሚለው ትእዛዝ ቦርዱ ላይ ይቀራል፤ ሴሉም መሞት ሲገባው አይሞትም። በ2005 ደግሞ ተቃራኒው ታየ፦ 17-92 በሚባል ስብስብ ያሉ ማጥፊያዎች ሲበዙ «ቁም» የሚለውን መስመር ያጠፋሉ። እነዚህን የሚያበራቸው ማን ሆኖ ተገኘ? ያው በበርኪት ሊምፎማ ውስጥ ሳይጠፋ የሚበራው ሚክ ነው።

ከሁሉ የገረመን ግን በ2004 የታወቀው ነው። በኒው ዮርክ የቶማስ ቱሽል ላቦራቶሪ ውስጥ ሴባስቲያን ፕፌፈርና ባልደረቦቹ በኤፕስታይን ባር ቫይረስ የተያዙ የበርኪት ሊምፎማ ሴሎችን ወስደው በውስጣቸው ያሉትን ትናንሽ አር.ኤን.ኤዎች አንድ በአንድ ቆጠሩ። አንዳንዶቹ የሰው አልነበሩም፤ የቫይረሱ ነበሩ። ቫይረስ የራሱን ማጥፊያ ይዞ ሰው ክፍል ውስጥ ሲገባ የተያዘው ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ ይህ ቫይረስ ከ40 በላይ እንዳሉት ይታወቃል። ብልሃቱን ተመልከቱ፦ ፕሮቲን ቢሠራ የሰውነታችን ጠባቂዎች ያዩታል። ስለዚህ በበርኪት ሴል ውስጥ ፕሮቲኖቹን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያቆማል፤ ጠባቂ የማያያቸውን ማጥፊያዎች ግን ይልካል። ከሚያጠፏቸው መስመሮች መካከል የተበላሸ ሴል ራሱን እንዲገድል የሚያዙት ይገኙበታል። ኤፕስታይን በ1964 ያየው ቫይረስ አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ሥራ ማንም ሳያየው ሲሠራ ኖሯል። አምብሮስና ረቭከን በ2024 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

«ታዲያ መድኃኒት ሆነ ወይ?» ትሉን ይሆናል። ገና ነው። የጠፋውን ማጥፊያ ሠርቶ ለሕመምተኛ ለመስጠት የተጀመረ አንድ ሙከራ በ2016 ከባድ የሰውነት መቆጣት ስላስከተለ ቆሟል፤ እስካሁን በካንሰር ላይ የተፈቀደ የማይክሮ አር.ኤን.ኤ. መድኃኒት የለም። የበርኪት ሊምፎማ ግን ይህን ሳይጠብቅ ይድናል። በርኪት ራሱ ካምፓላ ውስጥ የጨረር መሣሪያ ስላልነበረው ያገኘውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት በጥቂቱ ሲሰጥ ዕጢዎቹ በቀናት ውስጥ ሲሟሙ አየ። ዕጢው በፍጥነት የሚያድግ በመሆኑ ለመድኃኒቱም በዚያው ልክ ይጋለጣል። ዛሬ በሀብታም አገር ከአሥሩ ልጆች ዘጠኙ ያህል ይድናሉ። በአፍሪካ ብዙ ቦታ ቁጥሩ ከዚያ በጣም ያንሳል፤ ምክንያቱ በሽታው የተለየ ስለሆነ ሳይሆን ልጁ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ የመጓጓዣ ገንዘብ አልቆ ሕክምናው መሃል ላይ ስለሚቋረጥ ነው። መጀመሪያ ላይ የጥርስ ሕመም ይመስላል። ጥርስ ይነቃነቃል፤ ይነቀላል፤ እብጠቱ ግን አይጎድልም። በሳምንታት ውስጥ እያየነው የሚያድግ የመንጋጋ፣ የዓይን ዙሪያ ወይም የሆድ እብጠት ያለበት ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ ካለ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከዚያም ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል። ናይሮቢ ኬንያታ፣ አዲስ አበባም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ልጆችን ያክማሉ።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ለክፍሉ አስረዳን። ያቺ ተማሪ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ሴሉ ዛሬም በሕይወት ካለ፣ ዳውዲ ራሱ አሁን ስንት ዓመቱ ነው?» አለች። በ1967 አሥራ ስድስት ነበር። ቦርዱ ላይ እየቀነሱ እየደመሩ አወጡት፤ ከሰባ በላይ ሆነ። ከሁለቱ የክፍላችን ዳውዲዎች አንዱ «የአያቴ እኩያ ነው» አለ።